ስታር አፓርትመንትስ፣ ሎስ አንጀለስ፦ ንድፉ ያማረ፣ በጀቱ ያልጸና

ቤት አልባ ሰዎች ለዓሥርት ዓመታት ተሰባስበው በሚኖሩበት የሎስ አንጀለስ ስኪድ ሮው ሰፈር የሚገኘው ስታር አፓርትመንትስ፣ ከጎዳና ሕይወት ለወጡ ሰዎች በቋሚ መኖሪያነት የተሠሩ 102 ስቱዲዮ ቤቶችን ይዟል። ንድፉ የአርክቴክት ማይክል ማልትዛን ሲሆን፣ ያስገነባው ስኪድ ሮው ሃውሲንግ ትረስት የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው።

ሕንፃው የሊድ ፕላቲኒየም የአረንጓዴ ግንባታ ደረጃ ቢሰጠውም፣ እኔን ያሳመነኝ የምስክር ወረቀቱ ሳይሆን ግንበኞቹ ሳያፈርሱ የተዉት ነገር ነው። በቦታው የነበረው ባለ አንድ ወለል የንግድ ቤት እንዳለ ተይዞ፣ ከበላዩ የኮንክሪት መድረክ ተሠርቶለታል፤ መኖሪያ ክፍሎቹም በአይዳሆ ግዛት ፋብሪካ ውስጥ ተገጣጥመው በከባድ መኪና ከመጡ በኋላ በክሬን ተነሥተው ተደርድረዋል። በዚህም ከማፍረስ የሚመጣው ፍርስራሽም ሆነ በተጨናነቀ መንገድ ዳር የሚካሄደው ረጅም ግንባታ ቀንሷል።

የሕንፃው ምርጥ ክፍል ግን በአሮጌው ቤት ጣሪያና በመኖሪያዎቹ መካከል የተተወው ክፍት ወለል ነው። የጋራ ማእድ ቤት፣ የሥነ ጥበብ ክፍል፣ የአትክልት ቦታና የመሮጫ መም በአንድነት የሚገኙት እዚህ ሲሆን፣ ነዋሪው ንጹሕ አየር ለማግኘት የግድ ወደ አስፋልቱ መውረድ አይጠበቅበትም፤ ከክፍሉ ወጥቶ ከሰው ጋር መቀላቀል ወይም ዳር ይዞ መቀመጥ ይችላል። ዓመታትን በጎዳና ላሳለፈ ሰው ይህ ምርጫ ራሱ የሕክምና ያህል ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የጤና አገልግሎቱም በምድር ቤቱ ስለሚገኝ ቀጠሮ የሚያመልጥበት ምክንያት ጠባብ ነው።

ስቱዲዮዎቹ የየራሳቸው መታጠቢያና ማብሰያ ቢኖራቸውም ጠባብ ናቸው፤ ዘመድ አሳድራለሁ የሚል ሰው ይቸገራል።

ከበድ ያለው ቅሬታዬ ከንድፉ ውጭ ነው። በእንዲህ ዓይነት ቤቶች ተከራዩ በአብዛኛው ከገቢው 30 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሚከፍል፣ የጥበቃው፣ የጥገናውና የማኅበራዊ ሠራተኛው ወጪ በድጎማ ላይ ይንጠለጠላል። ድጎማው ከወጪው ጋር ካላደገ፣ ባዶ ክፍሎች ሲበዙ ገቢው ይወርዳል፣ ጥገናው ይዘገያል፣ ያልተጠገነውም ክፍል ባዶ ሆኖ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2023 ድርጅቱ በሥሩ የነበሩትን 29 ሕንፃዎች ማስተዳደር አቅቶት፣ በፍርድ ቤት የተሾመ አስተዳዳሪ እንዲረከባቸው ተደርጓል።

ስለዚህ ለንድፉ ከአምስት አራት ተኩል፣ ለአስተዳደር ዕቅዱ ደግሞ ከሁለት ያልበለጠ ነጥብ እሰጣለሁ። ይህን ንድፍ ለመከተል የሚያስብ አሠሪ፣ ክሬኑን ከመከራየቱ በፊት የዓሥራ አምስት ዓመት የጥገና ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ በጽሑፍ ቢይዝ ይሻለዋል።