«የቤት እንስሳ ይፈቀዳል» እያሉ የሚሸጡትን የተራራ ቤት ከመፈረማችሁ በፊት

ጡረታ ወጥታችሁ፣ ውሻችሁን ወይም ድመታችሁን ይዛችሁ ተራራ ላይ ንጹህ አየር የምትስቡበት ቤት የምትፈልጉ ሰዎች፣ ይህን ሳታነቡ ምንም ነገር እንዳትፈርሙ። በተለይ ታይምሼር የሚሉትን። ቤቱ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ሳምንት የእናንተ ነው፣ የቀረውን ጊዜ ሌሎች ይኖሩበታል። ሐሳቡ በራሱ ክፋት የለውም። ጉዱ ያለው ውሉ ላይ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ ድርጅት እኔንና ባለቤቴን ለገለጻ ጠራን። ሻጩ ልጅ አፉ ማር ነው፤ አሮጊቷን ውሻችንን ሳይቀር በስሟ እየጠራ አንገቷን ያሻሻት ነበር። ብሮሹሩ ላይ ፀጉራቸው የሸበተ ባልና ሚስት እሳት ዳር ተቀምጠዋል፣ ውሻቸው እግራቸው ሥር ተኝቷል፣ ከላይ በደማቁ «የቤት እንስሳ ይፈቀዳል» ይላል። ውሉን ቤት ወስደን እናንብበው ስንል «ቅናሹ ዛሬ ብቻ ነው» አለን። (ዛሬ ብቻ የተባለ ቅናሽ በሳምንቱ ተመልሶ ሲመጣ ያላየ ካለ እጁን ያውጣ።) በመጨረሻ «ተመላሽ» የሚል ደረሰኝ ተቀብለን ቀብድ ከፍለን ውሉን ይዘን ወጣን።

ዋናው ውል ውስጥ ስለ እንስሳ አንዲት ቃል የለችም። ያለው ከኋላ የተያያዘው «የቤት አጠቃቀም ደንብ» ላይ ነው፣ እሱም በደቃቅ ፊደል። አንድ ውሻ ብቻ፣ እሱም ከ10 ኪሎ ያልበለጠ። ድመት ጭራሽ አልተነሳችም። እንስሳውን ብቻውን ቤት ትቶ መውጣት ክልክል ነው፤ ማለትም ባለቤቴ ሐኪም ዘንድ ብትሄድ እኔ ውሻ ጠባቂ ሆኜ እቀራለሁ። በሄድን ቁጥር ደግሞ የማይመለስ የጽዳት ክፍያ አለ። እሺ፣ ይህን ሁሉ ተቀበልን እንበል። የመጨረሻዋ መስመር ግን «አስተዳደሩ ይህን ደንብ በማንኛውም ጊዜ ያለቅድመ ማስታወቂያ ሊያሻሽል ይችላል» ትላለች። እነሱ በሚቀጥለው ዓመት ውሻ አይገባም ማለት ይችላሉ፣ እናንተ ግን ከውሉ መውጣት አትችሉም። ዓመታዊ የጥገና ክፍያው ቤቱን ብትጠቀሙበትም ባትጠቀሙበትም ይቆጥራል፣ በየዓመቱም ሊጨምር ይችላል።

ውሉ ስንት ዓመት እንደሚቆይ እዩ። አንዳንዱ ማብቂያ የለውም፤ ስትሞቱ ክፍያው ወደ ልጆቻችሁ የሚሄድበት አንቀጽ ያለውም አለ። በእኛ ዕድሜ ከጉልበታችን የሚረዝም ውል መፈረም ምን ይሉታል? ልሽጠው ብትሉ ደግሞ ገዢ ማግኘት ከባድ ነው፣ ቢገኝም ከከፈላችሁት ጥቂቱን ነው የሚሰጣችሁ።

ቤቱን ሄደን አየነው። ከመኪና ማቆሚያው እስከ በሩ ድረስ የድንጋይ ደረጃ ነው፣ መደገፊያ የለውም፣ እርጥብ ነው። ወለሉ እንደ መስታወት ያበራል። ውሻችን ገና ስትገባ የኋላ እግሮቿ ግራና ቀኝ ሸርተት ብለው በሆዷ ተኛች፣ ከዚያ በኋላ ከምንጣፉ አልወርድም አለች። ከምድጃው ጀርባ ደግሞ ክፍት ሳህን ላይ አረንጓዴ የአይጥ መርዝ ተቀምጧል። እንስሳ ይፈቀዳል በሚባል ቤት! ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት የአይጥ መርዞች ክፋታቸው ወዲያው አለመታየታቸው ነው። እንስሳው ከበላ በኋላ 3 ወይም 4 ቀን ደህና መስሎ ይሰነብትና ከዚያ መድማት ይጀምራል። ቶሎ ከተደረሰበት በቫይታሚን ኬ1 ይታከማል፤ ግን ማን ያውቃል፣ እናንተ እኮ ያኔ ወደ ከተማ ተመልሳችኋል። ጋራዡም ውስጥ የመኪና ፀረ-በረዶ ፈሳሽ ካለ አስነሱት፤ ኤቲሊን ግላይኮል ያለበት ጣፋጭ ነው፣ ውሻ ይልሰዋል፣ ኩላሊቱን ያወድመዋል፣ ለድመት ደግሞ ትንሹም ይበቃል።

ሻጩ ከፍታውን እንደ በረከት ነው የሚያወራው። ከ2,500 ሜትር በላይ የከፍታ ሕመም ጤነኛውንም ሰው ሊይዝ ይችላል፣ ልብ ወይም ሳንባ ያመመው ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክር። ልቡ የደከመ ወይም አፍንጫው የተደፈጠጠ ውሻም ይቸገራል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል፣ ቁርጥማት ላለበት ሰውም ሆነ ውሻ ይህ ቀልድ አይደለም። የብሮሹሩ ፎቶ በጥሩ ወቅት የተነሳ ነው፤ የእናንተ ሳምንት የትኛው ላይ እንደሚወድቅ ግን ውሉ ነው የሚናገረው። መንገዱ ሲዘጋ በአቅራቢያ የእንስሳት ሐኪም አለ ወይ ብዬ ስጠይቀው ልጁ ስልኩን ማየት ጀመረ።

አሁንም ልቤ ተራራ ላይ ነው የምትሉ፣ መጀመሪያ ያንኑ ቤት በመጥፎው ወቅት ለጥቂት ቀን ተከራዩት፣ እንስሳችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። ያለፉትን 5 ዓመታት የጥገና ክፍያ ደረሰኞች አሳዩን በሉ። የእንስሳው ዓይነትና ክብደት ዋናው ውል ውስጥ ይግባ፣ ያለእናንተ ፈቃድ እንደማይለወጥም ይጻፍ። እምቢ ካሉ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው። ከውሉ እንዴት እንደሚወጣም ከአፋቸው ሳይሆን ከወረቀት ላይ ተቀበሉ።

የፈረማችሁ ካላችሁ ቶሎ በሉ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው መመሪያ መሠረት ከታይምሼር ውል ያለምንም ምክንያት ለመውጣት 14 ቀን አላችሁ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቅድሚያ ክፍያ መቀበልም ክልክል ነው። በአሜሪካ እንደየግዛቱ ይለያያል፣ ፍሎሪዳ ለምሳሌ 10 ቀን ትሰጣለች። ሌላ ቦታ ከሆናችሁ የአገራችሁን ሕግ ዛሬውኑ ጠይቁ። ስልክ ደውሎ መናገር አይበቃም፤ በጽሑፍ አድርጉት፣ መላካችሁን የሚያሳይ ማስረጃም ያዙ። እኛ «ተመላሽ» ለተባለው ቀብድ የጻፍነው ደብዳቤ እስካሁን መልስ አላገኘም፣ ለሸማቾች ጥበቃ አመልክተናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ውሉ ካንገሸገሻችሁ በኋላ «ድርሻችሁን የሚገዛ ሰው አግኝተናል፣ የማስፈጸሚያ ብቻ ቀድማችሁ ክፈሉ» የሚል ስልክ ይደወልላችሁ ይሆናል። ገዢ የለም። ስልኩን ዝጉት።