ስካርሌት፣ አርሲየስ ወይስ ፓልወርልድ? ከመግዛታችሁ በፊት

ፖኬሞን (ፍጥረቶችን እየያዙ የሚያዋጉበት ጌም) ወይም ፖኬሞን መሰል ጌም ልገዛ ነው፣ የትኛው ይሻለኛል? ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። እኛ ሰፈር፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ፣ ውጭ ያለ ዘመድ ኒንቴንዶ ስዊች የሚባለውን የጌም ኮንሶል የላከላቸው ልጆች አሉ፤ ላፕቶፕ ብቻ ያላቸው ወጣቶችም አሉ። አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ ግራፊክስና ስለ ፍጥረቶቹ ብዛት ነው። እኔ ግን ብር ከማውጣታችሁ በፊት ሌላ ሁለት ነገር እዩ እላለሁ። ጌሙ ገና ሲጀመር ምን ያህል ይከብዳል? ካርታው ላይስ በምን ትሄዳላችሁ?

ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ አንድ ናቸው። መንገዱ ክፍት ከሆነ ክብደቱን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፤ ወደ ቀላሉም ወደ ከባዱም መሄድ በእጃችሁ ነው። መንገዱ ከተዘጋ ደግሞ ጌሙ ይመርጥላችኋል። ብዙ ሰው እንዲህ ዓይነት ጌም ጀምሮ የሚተወው ፍጥረቶቹ ስላስጠሉት አይደለም። ወይ ያለ ቦታው ገብቶ ተደጋግሞ ስለተመታ ነው፣ ወይ ደግሞ ምንም የሚፈትነው ነገር ስላጣ ነው።

በፖኬሞን ስካርሌትና ቫዮሌት ልጀምር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 2022 ለስዊች ወጡ። ሁለት ስም ይኑራቸው እንጂ አንድ ጌም ናቸው። የሚገኙት ፍጥረቶች ጥቂቶቹ ይለያያሉ፣ በስካርሌት ኮራይዶንን በቫዮሌት ደግሞ ሚራይዶንን ትጋልባላችሁ፣ በክብደትና በመንገድ ግን ልዩነት የለም። ስለዚህ በርካሽ ያገኛችሁትን ግዙ።

መጀመሪያው ያሰለቻል፣ ይህን እወቁት። ትምህርት ቤት ትገባላችሁ፣ ያገኛችሁት ሁሉ ያወራችኋል፣ እጃችሁን ይዘው ይመሯችኋል። ከሜሳጎዛ ከተማ ወጥታችሁ በራሳችሁ መዞር ስትጀምሩ ግን በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል። ስምንት የጂም መሪዎች (ጂም የውጊያ ቦታ ነው፣ እያንዳንዱ መሪ በአንድ ዓይነት ፍጥረት ይዋጋል)፣ ታይታን የሚባሉ አምስት ግዙፍ ፍጥረቶች፣ ቲም ስታር የሚባል የአመጸኛ ተማሪዎች ቡድን አምስት ምሽጎች፤ ከየትኛው እንደምትጀምሩ ማንም አያዛችሁም።

ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። የጂም መሪዎቹ ፍጥረቶች ሌቭል (የጥንካሬ ደረጃ) ከእናንተ ጋር አብሮ አያድግም። ኮርቶንዶ ያለችው የነፍሳት ጂም መሪ ኬቲ የምታሰልፋቸው 14 እና 15 ናቸው። አርታዞን ያለው የሣር ጂም መሪ ብራሲየስ 16 እና 17 ነው። በረዶው ተራራ ላይ ያለው ግሩሻ ደግሞ 47 እና 48! ካርታው ላይ ሦስቱም የጂም ምልክት ብቻ ናቸው፣ ሌቭል አልተጻፈም፤ አዲስ ተጫዋች ተራራው አምሮት ወደዚያ ቢያቀና ማንም ተመለስ አይለውም። የፖኬሞን ሴንተር ነርሷን ብትጠይቋት ቀጥሎ የት መሄድ እንደሚሻል ትነግራችኋለች፣ ግን እንደዚያ ማድረግ እንደሚቻል ብዙ ሰው አያውቅም። ለልጅ ከገዛችሁለት ይህን አንድ ነገር አሳዩት፣ ብዙ ንዴት ትቀንሱለታላችሁ።

ሌላም ድብቅ አጥር አለ። ባጅ (የጂም መሪ ስታሸንፉ የሚሰጣችሁ ምልክት) ሳትይዙ ከሌቭል 20 በላይ የሆነ ፍጥረት ብትይዙ አይታዘዛችሁም። በጦርነት መሃል ጀርባውን ይሰጣችኋል። ሩቅ ሄዶ ጠንካራ ይዞ በመመለስ አቋራጭ ለመሥራት ያሰበ ሰው እዚህ ጋ ይቆማል፣ እኔ በበኩሌ ጥሩ ሕግ ነው ባይ ነኝ፤ መንገዱን ሳይዘጋ ልክ ያበጅለታል።

በትክክለኛው ቅደም ተከተል ከሄዳችሁ ጌሙ ቀላል ነው። ፖኬሞን ከዚህ በፊት ለተጫወተ ሰው እንዲያውም በጣም ይቀልለታል። ምክንያቱም ከውጊያ የሚገኘው፣ ሌቭል የሚያሳድገው ልምድ ለስድስቱም ፍጥረቶቻችሁ ይዳረሳል፣ ማጥፊያም የለውም። የድሮዎቹ ጌሞች ላይ የነበረው፣ ተጋጣሚ ፍጥረት ሲቀይር እናንተ በነጻ እንዳትቀይሩ የሚያደርገው ምርጫም ቀርቷል። ፈተና ከፈለጋችሁ እያወቃችሁ ወደ ከባዱ አካባቢ መግባት አለባችሁ። እኔ የምወደው አጨዋወት ይህ ነው፤ ከአቅማችሁ አምስት ስድስት ሌቭል ከፍ ወዳለ ቦታ ገብቶ እያንዳንዷን ምት እያሰቡ መሄድ።

ጉዞው ላይ ስካርሌት ከሁሉም ይበልጣል። የምትጋልቡትን ገና በጠዋቱ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ ይሮጣል ብቻ፣ ከዚያ ታይታን በጣላችሁ ቁጥር አዲስ ችሎታ ይጨምራል። ክሎውፍ የሚባለውን የድንጋይ ሸርጣን ስትጥሉ ፍጥነት፣ ቦምበርዲየርን ስትጥሉ ውሃ ላይ መሄድ፣ ኦርትዎርምን ስትጥሉ ከፍታ መዝለል፣ ከዚያ በአየር መንሳፈፍ፣ መጨረሻ ላይ ገደል መውጣት። ክሎውፍ ሌቭል 16 ነው፣ ቦምበርዲየር 20 አካባቢ፤ ስለዚህ ከኬቲ በኋላ ሌላ ጂም ከመፈለጋችሁ በፊት ሁለቱን ጣሏቸው። ካርታው በአንድ ጊዜ እጥፍ ድርብ ሆኖ ይሰፋላችኋል። የደረሳችሁበት ፖኬሞን ሴንተር ሁሉ ደግሞ በበራሪ ታክሲ ይመለሱበታል፣ ያውም በነጻ።

ችግሩ ጌሙ ስዊች ላይ መንተፋተፉ ነው። ሰው በሚበዛበት ከተማ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ራቅ ያሉ ሰዎች እንደ አሻንጉሊት እየቆራረጡ ይንቀሳቀሳሉ። እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ስዊች 2 ሲወጣ በነጻ በተለቀቀው ማሻሻያ ይህ በጣም ተስተካክሏል፣ ግን አዲሱን ኮንሶል ለያዘ ሰው ነው።

ፖኬሞን ሌጀንድስ አርሲየስ ከእነሱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 2022 ወጣ። የሠራው ያው ስካርሌትን የሠራው ጌም ፍሪክ የተባለ ድርጅት ነው፣ ግን ሌላ ዓይነት ጌም ነው። ጂም የለም፣ ባጅ የለም። ሥራችሁ ሜዳ ወርዶ ፍጥረት ማጥናትና መያዝ ነው። በሣር ውስጥ አጎንብሳችሁ ትጠጋላችሁ፣ ከጀርባው የመያዣ ኳስ ትወረውራላችሁ፣ ውጊያ ሳትገቡ ይያዛል። እናንተን ካያችሁ ግን አንዳንዱ ይሸሻል፣ አንዳንዱ ዘሎ ይመጣል። እናንተን ራሳችሁን ነው የሚመታው፣ ፍጥረታችሁን አይደለም! ካልሸሻችሁ ወይም በጊዜ ካልተንከባለላችሁ ትወድቃላችሁ፣ ከቦርሳችሁም ዕቃ ይጠፋል።

ስለዚህ መጀመሪያው ላይ አርሲየስ ከስካርሌት ይከብዳል። ቀይ ዓይን ያላቸው፣ ከመደበኛው የገዘፉ አልፋ የሚባሉ አሉ። ኦብሲዲያን ፊልድላንድስ በተባለው የመጀመሪያው ሜዳ ላይ ሌቭል 40 የሆነ አልፋ ራፒዳሽ ይንጎራደዳል፣ የእናንተ ቡድን ደግሞ ያኔ ገና እንጭጭ ነው። ውጊያውም ተራ በተራ ቢሆንም ተራው አይታመንም፤ ተጋጣሚ ሁለቴ ተከታትሎ ሊመታችሁ ይችላል፣ ከአንድ በላይ ሆነው የሚመጡበትም ጊዜ አለ። አንድ ስህተት ፍጥረት ያስጥላል። ይህን ስል ላስፈራራ አይደለም። አልፋውን ከሩቅ አይቶ በሣር ለሣር ዞሮ ማለፍ፣ በዚህ ዓይነት ጌም ውስጥ ያየሁት ምርጥ ስሜት ነው።

መንገዱ ግን ክፍት አይደለም። አምስት ትላልቅ ሜዳዎች አሉ፣ ታሪኩና ማዕረጋችሁ ሲፈቅድ አንድ በአንድ ይከፈታሉ። አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ለመሄድ ጁቢላይፍ መንደር መመለስ ግድ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ለገጣፎ ለመሄድ መጀመሪያ መገናኛ ደርሶ ሌላ ታክሲ እንደመያዝ ማለት ነው። በአንድ ሜዳ ውስጥ ግን ከካምፕ ካምፕ በካርታው መዝለል ይቻላል፣ ክፍያ የለውም፣ እየተባረራችሁ ካልሆነ በስተቀር። መጀመሪያ የምትጋልቡት ዊርዲር ቶሎ ይመጣል፣ ፈጣን ነው፣ ግን ጀርባው ላይ ሆናችሁ ኳስ መወርወር አትችሉም። ውሃ የሚያቋርጠው ባስኩሌጂየን ሦስተኛው ሜዳ ላይ ነው የሚገኘው፣ በአየር የሚያንሳፍፈው ብሬቪያሪ ደግሞ በመጨረሻው። ገደል የሚወጣው ስኒስለር አራተኛው ሜዳ ላይ እስኪገኝ ድረስ ተራራውን ቀና ብላችሁ እያያችሁ ዞራችሁ ትሄዳላችሁ።

እንግዲህ ሁለቱን ብቻ ካነጻጸርን፦ መዞር የሚወድ፣ ታሪኩን በፈለገው በኩል መጀመር የሚፈልግ፣ ወይም ገና ትንሽ ልጅ ከሆነ ስካርሌት። ፍጥረት መያዝ ራሱን የሚወድ፣ ቶሎ ፈተና የሚፈልግ ከሆነ አርሲየስ። እኔን አንዱን ብቻ ምረጥ ካላችሁኝ አርሲየስን እመርጣለሁ። መንገዱ ጠበብ ቢልም እያንዳንዱ እርምጃ ትርጉም አለው፤ ስካርሌት ላይ በምትጋልቡት ፍጥረት እየበረራችሁ የምታልፉት ብዙ ባዶ ሜዳ አለ።

ፓልወርልድ ስዊች ላይ የለም። ፖኬትፔር የሚባል የጃፓን ድርጅት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2024 ገና ሥራው ሳያልቅ ለኮምፒውተርና ለኤክስቦክስ አወጣው፣ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ፕሌይስቴሽን 5 ላይም ገባ። ጠመንጃ አለበት፣ የያዛችኋቸውን ፍጥረቶች እንደ ሠራተኛ ታሰማራላችሁ። ለትንሽ ልጅ አልመክርም።

ክብደቱ ሌላ ዓይነት ነው። እንጨት ትቆርጣላችሁ፣ ድንጋይ ትፈልጣላችሁ፣ ይርባችኋል፣ ሌሊት ይበርዳችኋል። ከወደቃችሁ የያዛችሁት ዕቃ እዚያው ይቀራል፣ ተመልሳችሁ ነው የምታነሱት። መነሻው አካባቢ ማሞረስት የሚባል ዝሆን የሚያህል ፓል (የዚህ ጌም ፍጥረቶች ስም ነው) ይዞራል፣ ሌቭል 38 ነው፣ ካልነካችሁት አይነካችሁም። የመጀመሪያው ግንብ ላይ ያሉትን ዞዪንና ግሪዝቦልትን ለመጣል ደግሞ 10 ደቂቃ ብቻ ነው ያላችሁ። ይህ ሁሉ ከበዛባችሁ ግን ማስተካከያ አለው፤ ዓለሙን ስትፈጥሩ የልምዱን ፍጥነት፣ የመያዝ ዕድሉን፣ ስትወድቁ የሚጠፋውን ዕቃ ሳይቀር በፈለጋችሁት ልክ ታደርጉታላችሁ። ሁለቱ ፖኬሞኖች ይህን አይፈቅዱም፣ ቢፈቅዱ ደስ ይለኝ ነበር።

ጉዞው መጀመሪያ ላይ አድካሚ ነው። በእግር ነው፣ ስትሮጡም ገደል ስትወጡም ትንፋሽ ያልቃል፣ ዕቃ ካበዛችሁ ደግሞ ትጎተታላችሁ። የንስር ሐውልቶች አሉ፣ አንዴ የነካችሁትን መመለሻ ታደርጉታላችሁ፣ ግን የመጀመሪያውን ጉዞ በእግር መክፈል አለባችሁ። ናይትዊንግ በተባለው ወፍ ላይ ለመብረር ኮርቻውን የምትሠሩት ሌቭል 15 ላይ ነው፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ጌም ይሆናል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የቆዩ ቪዲዮዎች ላይ ፓሉን ራሱን ይዘው ሲንሳፈፉ ታያላችሁ። ከኒንቴንዶ ጋር ባለው የፓተንት (የፈጠራ መብት) ክርክር ምክንያት እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ያ ተቀይሯል፤ አሁን መንሳፈፊያ መሣሪያ ሠርታችሁ መያዝ አለባችሁ።

ኮምፒውተራችሁንም እዩ። ዝቅተኛው መስፈርት 16 ጊጋ ራምና 40 ጊጋ ባዶ ቦታ ነው፣ የግራፊክስ ካርድም ይፈልጋል። ለቢሮ ሥራ የተገዛ ላፕቶፕ አይችለውም። እንደዚያ ያለው ላፕቶፕ ለያዘ ሰው ካሴት ቢስትስ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ፣ ቀለል ያለ ጌም። ፍጥረቶችን በካሴት ትቀዳላችሁ፣ ከምትቀዷቸውም መንሳፈፍና መውጣትን የመሳሰሉ የጉዞ ችሎታዎች ታገኛላችሁ። ክብደቱም ከማስተካከያው ይቀየራል። ዋጋው ሲወጣ 20 ዶላር ገደማ ነበር፣ ፓልወርልድ 30፣ ፖኬሞኖቹ 60። ኒንቴንዶ የራሱን ጌም ዋጋ የሚቀንሰው ከስንት አንዴ ስለሆነ ይረክሳል ብላችሁ አትጠብቁ።

መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለምንኖር ሰዎች ስዊች ትልቅ ጥቅም አለው። በ2017 የወጣው የመጀመሪያው ሞዴል ባትሪ ከ2.5 እስከ 6.5 ሰዓት፣ ከ2019 በኋላ ያለውና ኦሌድ ስክሪን ያለው ሞዴል ከ4.5 እስከ 9 ሰዓት ይሄዳል፤ በደህና ፓወር ባንክም ቻርጅ ይሆናል። መብራት ሲሄድ ጌሙ እጃችሁ ላይ ነው። ፓልወርልድን በዴስክቶፕ ስትጫወቱ ግን መብራት ከሄደ ያልተቀመጠው ሁሉ ሄደ። ኢንተርኔት በኩል፣ ፖኬሞኖቹን በካርትሪጅ (ጌሙ ባለበት ትንሽ ካርድ) ከገዛችሁ ዳታ ሳታወጡ እስከ መጨረሻው ትጫወታላችሁ። ፓልወርልድን መጀመሪያ ማውረድ አለባችሁ፣ የፓኬጅ ወጪውን ከዋጋው ጋር ደምሩት።

አማርኛ አንዳቸውም ላይ የለም። አርሲየስ ብዙ የሚነበብ ነገር ስላለው እንግሊዝኛ ገና ለሚማር ልጅ አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚያነብለት ታላቅ ያስፈልገዋል።

ያገለገለ ስዊች የምትገዙ ከሆነ ሁለቱን የግራና የቀኝ መቆጣጠሪያ ዱላዎች ሳትነኩ ስክሪኑን እዩ፤ ገጸ ባሕሪው በራሱ ከሄደ ዱላው ተበላሽቷል፣ የታወቀ ችግር ነው። ካርትሪጅ ያገለገለ መግዛት ግን አያስፈራም፣ ምክንያቱም የተጫወቱበት መዝገብ የሚቀመጠው ኮንሶሉ ላይ እንጂ ካርትሪጁ ላይ አይደለም። ስካርሌትም አርሲየስም ለአንድ ተጠቃሚ አንድ መዝገብ ብቻ ነው የሚይዙት። ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች ካሉ ገና ጌሙን ሳይከፍቱ ለየራሳቸው ተጠቃሚ ክፈቱላቸው፣ አለበለዚያ ታናሹ እንደ አዲስ ልጀምር ሲል የታላቁ ልፋት በሙሉ ይጠፋል።