ለገጣፎ ያለ ፍሬም ቤት እና የጀበል አል ጠይር መብራት

ለገጣፎ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከብረታ ብረት ሱቆች መካከል የሚገኘው አነስተኛ ፍሬም ቤት የሚኖረው በሠርግ ፎቶግራፍና በምርቃት ዲፕሎማ ነው። እኔ የወሰድኩላቸው አጎቴ አሰብ ወደብ ሲሠሩ ያስቀሩትን የደቡብ ቀይ ባሕር የእንግሊዝ የመርከብ ካርታ ስለነበር፣ ባለቤቱ መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩትና «ይህቺ ነጥብ ምንድን ናት?» አሉኝ።

ነጥቧ ጀበል አል ጠይር ናት፤ በዐረብኛ የአእዋፍ ተራራ ማለት ነው። ከምጽዋ በስተ ምሥራቅ፣ ከባሕሩ መሐል በምትገኘው በዚህች የእሳተ ገሞራ ደሴት ላይ የመብራት ማማ የቆመው በኦቶማኖች ዘመን ሲሆን፣ ሥራውን በኮንትራት የያዘው የፈረንሳይ ኩባንያ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ያዟት፤ እ.ኤ.አ. የ1923ቱ የሎዛን ውል ደግሞ ቱርክን ከባለቤትነት አስወጥቶ፣ ደሴቶቹ የማን እንደሚሆኑ ሳይወስን ተወው። መርከብ ግን ፍርድ እስኪሰጥ ቆሞ አይጠብቅምና፣ በ1962 ለንደን ላይ የተፈረመ ስምምነት የጀበል አል ጠይርንና ከእርሷ በስተ ደቡብ ያለውን የአቡ አይልን መብራት ወጪ፣ በዚያ በሚያልፉ መርከቦቻቸው ጭነት መጠን ለአባል አገሮች አከፋፈለ። በ1989 ኃላፊነቱን የመን ተረከበች፤ በኤርትራና በየመን ክርክርም የግልግል ጉባኤው በ1998 ደሴቲቱን ለየመን ፈረደ።

ይህን ሁሉ ለባለቤቱ ስተርክ፣ ረዳታቸው «ነጩ ጠርዝ ያስጠላል» ብሎ መቁረጫውን አንስቶ ነበር። ደግነቱ ደረስኩበት። በእንዲህ ያለ ካርታ ግርጌ፣ በስተ ግራ ባለው ጠርዝ፣ መብራት ሲለወጥ ወይም አዲስ ዐለት ሲገኝ የተደረገው እርማት ቁጥር በየዓመቱ በእጅ ይጻፋል፤ በእኔው ካርታ ላይም ቀለሙ የደበዘዘ የብዕር ጽሑፍ አለ።

ሥራው ከዚያ በኋላ የሚመሰገን ነው። የእንጨቱ ማዕዘን ክፍተት የለውም፤ ካርታው በሙጫ ሳይለጠፍ በፓስፓርቱ፣ ማለትም መሐሉ በተከፈተ የካርቶን ጠርዝ ተይዟል፤ ጀርባው ኮምፔንሳቶ ነው። የማልወደው መስታወቱን ነው፦ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታርፍበት ደሴቲቱ ትጠፋለች። የማያንጸባርቅ መስታወት እንዳላቸው የነገሩኝ ሒሳብ ከከፈልኩ በኋላ ነው። በአራት ቀን የተባለውም በዘጠኝ ቀን ደረሰ። አሮጌ ወረቀት የምትወስዱላቸው ሰዎች የመስታወቱን ዓይነት አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የማይቆረጠውንም ጠርዝ በስስ እርሳስ ምልክት አድርጉበት።