ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ፦ ወለላቸው ሲነጻጸር

ሁለቱም ዓረቢያ ከአፍሪካ ስትርቅ የተከፈቱ ናቸው፤ የባሕር ወለላቸው መልክ ግን ለየቅል ነው። የኤደኑ የመሐል ሸንተረር፣ ማለትም ወለሉ እየተከፈተ አዲስ ዐለት የሚወጣበት ተራራማ መስመር፣ በግልጽ ይታያል፤ አግድም ስንጥቆች ቆራርጠውታል። ትልቁ፣ አሉላ-ፋርታቅ፣ ከ5,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል።

የቀይ ባሕር ጣጣ ጨው ነው። በሚዮሲን ዘመን (ከ23 እስከ 5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት) ውሃው ሲተን የተከማቸው ጨው ውፍረቱ በኪሎ ሜትር ይለካል፤ ክብደት ሲጫነው እንደ ሊጥ እየተንሸራተተ አዲሱን ባዛልት (ከቀዘቀዘ ቅልጥ ዐለት የተሠራ ጥቁር ድንጋይ) ይሸፍናል። የድምፅ ሞገድንም ስለሚያዛባ ከሥሩ ያለውን የምድር ቅርፊት ማንበብ ያስቸግራል፤ ቅርፊቱ የውቅያኖስ ይሁን የአህጉር ዓይነት ዛሬም ያከራክራል። በቀይ ባሕር ወለል ላይ ባለው አትላንቲስ 2 በተባለ ጎድጓዳ ስፍራ፣ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የጋለ ጨዋማ ውሃ ተኝቷል፤ ከሥሩ ያለው ጭቃ ዚንክና መዳብ አለው።

የውቅያኖስን አፈጣጠር ለሚማር ኤደንን ማስቀደም ይሻላል። ሸንተረሩ በጅቡቲው የታጁራ ባሕረ ሰላጤ በኩል ወደ አፋር ስለሚዘልቅ፣ ቅጥያውን የብስ ላይ በእግር መመርመር ይቻላል።