የልጄ የቶንሲል ቀዶ ጥገና፦ ለሐኪሞቹ 5 ኮከብ፣ ለአስተዳደሩ 2

ልጄ ቶንሲልና አዴኖይዷ (ከአፍንጫ ጀርባ ያለው ሥጋ) የወጣላት ቦሌ አካባቢ ባለ አንድ የግል ሆስፒታል ነው። ማታ ማታ ታንኮራፋለች፣ አፏን ከፍታ ትተኛለች፣ አንዳንዴ ትንፋሿ ቁርጥ ሲል የእኔም አብሮ ቁርጥ ይል ነበር። አሁን ተመስገን ነው!

የማደንዘዣ ሐኪሟ ግሩም ሰው ናት። በርከክ ብላ ጭንብሉን መጀመሪያ አሻንጉሊቷ ላይ አደረገችው፣ ከዚያ "አሁን ያንቺ ተራ፣ የኔ ቆንጆ" አለቻት። ካኑላውን (ደም ሥር ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ) ያስገቡላት እንቅልፍ ከወሰዳት በኋላ ነው። መርፌ ያየ ልጅ እንዴት እንደሚሆን ወላጅ ያውቀዋል።

ያንገበገበኝ ወረፋው ነው። ቀዶ ጥገናው ሊጀመር 6 ሰዓት ሲቀረው ምግብ፣ 2 ሰዓት ሲቀረው ውሃ ይቁም ይባላል። ልክ ነው፣ ትውከት ወደ ሳንባ እንዳይገባ ነው። ግን ተራዋ እየተገፋ ሲሄድ "እስከዚያ ውሃ ስጧት" ያለን ሰው የለም፣ ልጅቷ በባዶ ሆዷ እያለቀሰች ሂሳብ ክፍል ቀብድ ጨምሩ ይለናል። እባካችሁ ሕፃናትን በጠዋት አስገቡ!

ስንወጣም የምክር ወረቀት አልሰጡንም። ጉሮሮዋ ላይ ነጭ ነገር ሳይ ክው አልኩ፤ ቁስሉ ሲድን የሚመጣ መሆኑን ነርሷ ናት በስልክ ያስረዳችኝ። ደም ካያችሁ ግን፣ ከሳምንት በኋላም ቢሆን፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ማስታገሻውን በሰዓቱ ስጡ፣ አስፕሪን አይሆንም። መዋጥ ስለሚያማቸው እምቢ ይላሉ፤ በማንኪያም ቢሆን ውሃ ቶሎ ቶሎ ስጧቸው፣ ጉሮሮ ሲደርቅ ሕመሙ ይብሳል።