ቁልፍ የለውም፣ የወደድኩትም ለዚሁ ነው

ባለፈው አንዲት ጎረቤቴ ቡና ልትጠጣ መጥታ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያለውን ሳጥን አየችና "ምነው፣ ቤት ውስጥ ሙዳየ ምጽዋት አስገባችሁ እንዴ?" አለችኝ። ሳቅን። እውነቷን ነው፣ ይመስላል። ምን እንደሆነ ስነግራት በሳምንቱ ሄዳ የራሷን አሠራች። ከዚያ እህቷ ደወለች። ከዚያ የእህቷ የሥራ ባልደረባ። ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልገላገል፣ ከእንግዲህ የጠየቀኝን ሁሉ ወደዚህ እልካለሁ።

ዕቃው የሳንቲም ሳጥን ነው። ከጣውላ የተሠራ፣ ቁመቱ አንድ ስንዝር ተኩል ቢሆን ነው፣ እዚሁ ሀዋሳ ከአሮጌ ገበያ ወረድ ብሎ ካለ የእንጨት ሥራ ቤት ያሠራሁት። 300 ብር ከፈልኩ፣ መስታወቱን ጨምሮ።

ቤታችን ስድስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆችና እናቴ። ደንባችን አጭር ነው። ከውጭ የገባ ሰው ኪሱ የቀረውን ዝርዝር እዚያ ይጥላል፣ ከአሥር ብር ጀምሮ ወደ ታች። ሃምሳ የሚጥል ካለ አንከለክልም። ሲከፈት ግማሹ ለደስታ፣ ግማሹ ለቁም ነገር። ዱሮ ባለሱቁ "መልስ የለኝም፣ ማስቲካ ልስጥሽ?" ሲለኝ ዝም ብዬ እቀበል ነበር። አሁን አልቀበልም። (ትንሿ ልጄ ግን አንድ ቀን ከረሜላ ከነወረቀቱ አስገብታለች፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ጉንዳን ወረረን።)

እዚህ ሳጥን ላይ ለመድረስ ሦስት ሌሎች አልፈናል።

የመጀመሪያው የዱቄት ወተት ጣሳ ነበር። ክዳኑን በቢላ ሰንጥቀን ሳንቲም ማስገቢያ አደረግነው። ነጻ መሆኑ ጥሩ ነው፣ ሌላ የምመሰክርለት ነገር የለኝም። በጥፍር ይከፈታል። ጣሳውን የማልረሳው በ2013 መስከረም ላይ ነው፣ ብሩ ተቀየረ የተባለ ጊዜ። ስንገለብጠው ከታች ተጣጥፈው የተረሱ አሮጌ አሥር ብሮች ወጡ። መለወጫ የተሰጠው ሦስት ወር ስለነበር ደረስንበት። አምስት ብሯና ሳንቲሙ ግን አልተነኩም። እናቴ "ሳንቲም አይከዳም" ማለት የጀመረችው ያኔ ነው፣ እስከ ዛሬም አላቆመችም።

ሁለተኛው ሮዝ የፕላስቲክ አሳማ። ባለቤቴ ነው ገዝቶ ያመጣው፣ አላሰበበትም። እናቴ አንዴ አየችውና "አሳማ ከሥዕለ ማርያም ፊት ልታስቀምጡ ነው?" አለች። በማግስቱ ዳንቴል ለብሶ አገኘነው። ዳንቴሉ ደግሞ ቀዳዳውን ሸፈነው፣ የማይታይ ነገር ውስጥ ማንም ሳንቲም አይጥልም፣ በዚያ ላይ ሆዱ ሥር ያለችው የጎማ ክዳን ጠፍታ በፕላስተር ለጥፈንለት ነበርና በሽተኛ አሳማ ሆኖ ኖሮ ተጣለ። ለማንም አልመክርም፣ ቤታችሁ አያት ካለች ደግሞ ጭራሽ።

ሦስተኛው ከሱቅ የተገዛ የቆርቆሮ ካዝና ነበር። ቁልፍ ያለው፣ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ልጆቹ ሲያዩት አበዱ። ቁልፉ እኔ ጋ ሆነ፣ ታማኝ ነሽ ተብዬ። በአራት ወሩ እሑድ ከሰዓት ሁላችን ከበን ተቀመጥንና ከፈትኩት። ግማሹ ብር ነው። ግማሹ ወረቀት። "ለከሰል 230፣ እመልሳለሁ።" "ሽንኩርት 80።" "መብራት 150፣ ደሞዝ ሲገባ።" ሁሉም የእኔ እጅ ጽሑፍ። መካከለኛዋ ልጄ ጮክ ብላ እያነበበች ደመረችው፣ 1,140 ብር መጣ። ባለቤቴ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እናቴ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች። ያን ቀን ቃል የተገባው አሳ አልተበላም።

ለካዝናው አልፈርድበትም፣ ቆርቆሮው ጠንካራ ነው። ግን የቤት ወጪ የምትይዝ ሴት እጅ ላይ ቁልፍ ካለ ያ ገንዘብ የሽንኩርት ገንዘብ ነው፣ ወደድንም ጠላንም።

እንጨት ቤቱ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው። "ጋሼ፣ ቁልፍ የሌለው ሳጥን ይሠሩልኛል?" አልኳቸው።

"በምን ልትከፍችው ነው ታዲያ?"

"አልከፍተውም።"

መጋዛቸውን አስቀምጠው ትንሽ አዩኝ። "እንግዲያው ሲሞላ እዚህ ይዘሽው ትመጫለሽ፣ ምስማሩን እኔ እነቅልልሻለሁ" አሉኝ። ለአንድ ጊዜ መክፈቻና መልሶ መምቻ 50 ብር ተስማማን።

ሥራው ጥሩ ነው። ጎኖቹ በኮላ ተጣብቀው በምስማር ተመትተዋል፣ ታቹ ስምንት ምስማር አለው። በአንድ ጎን ሁለት ጣት የምታህል ቀጭን መስታወት ከላይ እስከ ታች ወርዳለች፣ ብሩ ምን ያህል እንደደረሰ በእሷ ይታያል። ይህችን ያሰቡት እሳቸው ናቸው፣ ለእኔ የሳጥኑ ግማሽ ዋጋ እሷ ናት። ትንሿ ልጄ ማታ ማታ ሄዳ በጣቷ ትለካታለች። አንድ ሳምንት ካልጨመረች "አባዬ፣ ኪስህን አሳየኝ" ትላለች፣ አባቷም ይገለብጥላታል።

ጉድለቱ ቀዳዳው ላይ ነበር። የታጠፈ ብር እንዲያስገባ ብለው ሰፋ አደረጉት። በሦስተኛው ሳምንት ትልቁ ልጄ ሳጥኑን ገልብጦ ቢላ በቀዳዳው አስገብቶ ሲያንቀጠቅጥ ያዝኩት። ብሩ በቢላው ላይ እየተንሸራተተ ይወጣል፣ ቁጭ ብዬ እስክማር ድረስ ነው ያየሁት። ከቆጣሁት በኋላ ሳጥኑንም ልጁንም ይዤ ተመለስኩ። ጋሼ ምንም አላሉም። ከጥግ አሮጌ የሳይክል ካላማዳሪያ አነሱ፣ የሁለት ጣት ስፋት ቆረጡ፣ ታቹን ነቅለው ከቀዳዳው ሥር በውስጥ በኩል በአንድ ወገን ብቻ መቱት። ሳንቲም ስትጥል ጎማው ይታጠፍና ያሳልፋል። ስትገለብጠው መልሶ ይዘጋል። ቢላውን ለልጄ ሰጡትና "በል እስቲ ሞክር" አሉት። ሞከረ። እምቢ አለ። ከዚያ ወዲህ ሳጥኑ እንደተከበረ ነው።

እኔም ብሆን አንድ ቀን ተፈትኜአለሁ፣ ልደብቀው አልችልም። ኅዳር ላይ ወር ሳይሞላ እጄ ባዶ ሆነና ሳጥኑን በነጠላ ጠቅልዬ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ጋሼ ተቀብለው በእጃቸው መዘኑት። "ገና ነው እኮ" አሉ። ዝም አልኩ። "ልጆቹ ያውቃሉ?" አሉኝ። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልተናገሩም፣ መዶሻቸውን ግን አላነሱም። ይዤው ተመለስኩ፣ የባጃጅ ደርሶ መልስ ከሰርኩ፣ የዚያን ሳምንት ሽንኩርት በዱቤ ወሰድኩ። የትኛውም ቁልፍ ይህን አያደርግልኝም ነበር።

የመጀመሪያው ዙር ከ2017 መስከረም 2 እስከ ጥር 30 ነው። መስከረም 2 የሆነው ሴቶቹ ልጆቼ አበባየሆሽ ብለው ያገኙትን ማግስቱን ስለጣሉ ነው። ሲከፈት ምንጣፍ ላይ ዘርግፈን ቆጠርነው። ሚዛን ያለባት አንድ ብሯ ሳንቲም 412። ሽልንግ 96፣ ስሙኒ 31። አምስት ብር 88፣ አሥር ብር 143፣ ሃምሳ ብር 9። በድምሩ 2,787 ብር ከ75 ሳንቲም። ለ149 ቀን ሲካፈል በቀን ከ19 ብር ያንሳል፣ ስድስት ሰው አዋጥቶ። ያንን የእንቁላል ተረት እዚህ ላይ የምነግራችሁ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል፣ ከእናቴ በየቀኑ እሰማዋለሁ።

ዕለቱ አርብ ነበር። እናቴ አሳ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ስለማትወድ ደስታው ለቅዳሜ ተላለፈ። ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው አሳ ገበያ፣ ወረድን። አሳ አስጋሪዎቹ ከጀልባ እያወረዱ፣ ልጆች እየገፈፉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ቆመው ትርፍራፊ እየጠበቁ። የቆሮሶ አሳ ጥብስ በዳጣ፣ ለእናቴ ደግሞ ሾርባ። ትልቁ ልጄ ራሱ ከፈለ፣ አሥር አሥር ብሮቹን አንድ በአንድ እየቆጠረ። ሻጯ "ቤተክርስቲያን ደጃፍ ነው እንዴ ያመሻችሁት?" ብላ አሳቀችን። እዚያ ብዙ ጊዜ በልቻለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግን ማንም አጥንት ላይ ሥጋ አላስቀረም።

ስለ ሳንቲሙ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ባንክ ይዤው ሄጄ ነበር፣ ስሙ ይቅር። ገንዘብ ከፋይዋ ፌስታሉን ስታይ ፊቷ ጠቆረ፣ ከኋላዬ የተሰለፈውም ሰው እንደዚያው። መልሼ ይዤው ወጣሁ። የሰፈራችን ባለሱቅ ግን 412ቱንም አንድ ብሮች ሲያይ እጄን መሳም ነው የቀረው፣ በመቶ መቶ ብር ለወጠልኝና ለትንሿ አንድ ለስላሳ መረቀላት። ዝርዝር ለሚቸግረው ሰው ውሰዱት። ባለባጃጆችም ይፈልጉታል። ስሙኒና ሽልንጉን ግን እሱም አልፈለገውም፣ አሁንም ብርጭቆ ውስጥ ተቀምጧል።

የቁም ነገሩ ግማሽ የትልቁ ልጄ ሳይክል ነበር። ሀዋሳ ሜዳ ከተማ ናት፣ ሳይክል የሌለው ልጅ በእግሩ ሲሄድ ያስታውቃል። እዚህ ላይ ሳጥኑ ብቻውን እንደማይበቃ ተምረናል። ልጁ መጀመሪያ ሲጠይቅ፣ የቆርቆሮው ዘመን ላይ፣ ያገለገለ ሳይክል 5,500 ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያው ዕቃ 8,000 ተባለ፣ በሦስተኛው ዙራችን 9,500። ብሩ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ሳይክሉ ይሮጣል። ስለዚህ ከአምስት ወር በላይ አታስቀምጡ። እኛ ሲከፈት የቁም ነገሩን ያው ዕለት በልጁ ስም ባለው የቁጠባ ደብተር እናስገባለን፤ ባንክ ቢያንስ 7 ከመቶ ይከፍላል፣ ከዋጋው ጋር እኩል ባይሮጥም ከእንጨቱ ይሻላል። የጎደለውን አባቱ ሞላለትና ሳይክሉ ተገዛ። አስገራሚው ነገር በወሩ ካላማዳሪያው ፈንድቶ አሮጌውን ለጋሼ ወስዶ መስጠቱ ነው፣ "ለሌላ ሰው ሳጥን" ብሎ።

አሁን የገጠመን ችግር ቴሌብር ነው። ባለቤቴ ሁሉንም በስልክ ይከፍላል፣ መልስ የሚባል ነገር ይዞ አይገባም። ባለፈው ዙር መስታወቷ ላይ ብሩ ቆሞ ቀረ፣ ትንሿ አኮረፈች። ያገኘነው መላ ጎደሎ መሙላት ነው። 93 ብር በስልክ ከከፈለ ማታ 7 ብር ይጥላል፣ 145 ከከፈለ 5። ስልኩን አውጥቶ ለልጅቷ ያሳያታል፣ እሷ ትደምራለች፣ አንዳንዴም ታጭበረብረዋለች። እስካሁን እየሠራ ነው።

የማልወደው? ቫርኒሹ መጀመሪያ ወር ላይ ይሸታል። መስታወቷ ለእንግዳም ስለምታሳይ እኛ ግድግዳ በኩል አዙረናታል። ክብደቱ ደግሞ ሲሞላ ለባጃጅ ጉዞ አይመችም።

ልታሠሩ ከሄዳችሁ ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ጋሼ በርና መስኮት ሊገጥሙ ይወጣሉ። ዋጋው አሁን 350 ገብቷል። ካላማዳሪያውን ራሳችሁ ጠይቁ፣ ካልተነገራቸው አይመቱትም።