«የፋብሪካ እሽግ ነው» ተብዬ የገዛኋቸው 13 ሶኬቶች

ይህን የምጽፈው ከመርካቶ ገብቼ ጫማዬን እንኳን ሳላወልቅ ነው። የቀለጠው ሶኬት ገና ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። የቤታችሁን ሶኬት ለመቀየር ያሰባችሁ ካላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት የደረሰብኝን አንብቡ።

ቤታችን ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። ሶኬቶቹ ቤቱን ስንረከብ የነበሩት ስለሆኑ ላልተዋል፤ የሳሎኑ ስፒናውን በታጠፈ ወረቀት ካልደገፍነው አይሠራም ነበር። ኤሌክትሪሺያኑ ዞሮ ቆጠረና 14 ናቸው አለኝ። የእጁን ለአንዱ 200 ብር፣ በጠቅላላው 2,800 ብር ተስማማን። ዕቃውን እኔ ራሴ ልግዛ ያልኩት ከባለሱቅ ጋር ተነጋግሮ ዋጋ ይጨምርብኛል ብዬ ነው። ይህን ሳስበው አሁንም ፊቴ ይግላል፤ ሠርቶ የሚበላውን ልጅ ጠርጥሬ ገንዘቤን ለማን እንደሰጠሁ እዩ።

የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆቹን ታውቋቸዋላችሁ። ካርቶን እስከ ጣሪያ ተደርድሮ «የቱርክ ነው ወይስ የቻይና የሚፈልጉት?» ይባላል። የኔው ባለሱቅ ረጋ ያለ፣ በየአረፍተ ነገሩ «የኔ እናት» የሚል ጎልማሳ ነው። ሁለት ሶኬት በሁለት እጄ አስያዘኝ። የቻይና ያለው 200 ብር፣ ቀላል። የቱርክ ያለው 650 ብር፣ ከበድ ያለ። ከዚያ ካቻቢቴ አንሥቶ የቱርኩን ፈታና ስፒናውን የሚቆነጥጡትን ምላሶች አሳየኝ፤ ወፍራም ቢጫ ናስ። «ምጣድ ይችላል?» ብዬ ጠየቅሁት። «የኔ እናት፣ ወፍጮ ይችላል» አለኝ።

ደረሰኝ ስጠይቀው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ቫት ይጨመርበታል፤ ለምን ያወጣሉ?» 14 ሶኬት በ650 ብር 9,100 ብር ነው፤ ቫቱ 1,365 ብር። ተስማማሁ። የዚህች 1,365 ብር ጉዳይ ነው ዛሬ አፌን ያስያዘኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ሌሊቱን ሙሉ ከዓይኔ ያልጠፋው እሱ ነው። የፈታውን ሶኬት መልሶ ገጠመና በላስቲክ አድርጎ ሰጠኝ። «የቀሩትን 13 ልጁ ከመጋዘን ያመጣልዎታል፣ እስከዚያ ይቀመጡ» አለና ወንበሩን በእጁ ጠርጎ ዘረጋልኝ። ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅሁ። ልጁ በሲባጎ የታሰረ ካርቶን ይዞ መጣ፤ አንድ ዓይነት ሥዕል፣ አንድ ዓይነት ጽሑፍ፣ «16 አምፔር፣ 250 ቮልት» የሚለውም ሳይቀር። እኔም አንዱን ከፍቼ ልይ ብዬ እጄን ዘረጋሁ፤ ጣቴ ሲባጎው ላይ ደርሶ ነበር። ባለሱቁ መዳፉን ካርቶኑ ላይ አሳረፈ። አልገፋኝም፣ አልተቆጣኝም፤ ቀስ ብሎ ብቻ አሳረፈው። «የፋብሪካ እሽግ ነው፤ ከተከፈተ ዋስትናው ይቀራል። ናሙናውን በዓይንዎ አይተው የለ?» እያለ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ልጁ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ያን ጊዜ ነበር መንቃት። የፋብሪካ እሽግ በሲባጎ ይታሰራል ወይ? እኔ ግን ያን የመሰለ ትልቅ ሰው በሌብነት የጠረጠርኩ እንዳይመስልብኝ አፍሬ እጄን ሰበሰብኩ። ገንዘቡን በስልኬ አስተላልፌ፣ አመስግኜው ወጣሁ። አመስግኜው!

ሶኬቶቹ በማግሥቱ ተገጠሙ። ኤሌክትሪሺያኑ ውስጣቸውን አላየም፤ ሽቦው የሚታሰረው ከኋላ ስለሆነ ምላሶቹን ለማየት የግድ መፍታት ያስፈልጋል። ቅዳሜ እናቴ ልትጋግር ምጣዱን ሰካች። ስድስተኛውን እንጀራ ልታወጣ ስትል የሆነ ነገር ሸተታት፤ ዞር ብላ ስታይ የሶኬቱ ፊት ቡናማ ሆኖ እንደ ሰም ወደ ታች ወርዷል። ጩኸቷን ሰምቼ ሮጬ ብሬከሩን አጠፋሁ። እናቴ ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ስፒናውን በእጇ ልትነቅል ነበር።

ኤሌክትሪሺያኑ ያን ዕለት ከሰዓት መጣ። የቀለጠውን ፈታና ጫፉ ማግኔት ያለውን ካቻቢቴ ወደ ምላሱ አስጠጋው። ጥብቅ አለ። «ናስ በማግኔት አይሳብም። ይሄ ቀለም የተቀባ ብረት ነው» አለኝ። ብረት ኤሌክትሪክን ከናስ ባነሰ ሁኔታ ያስተላልፋል፣ ሲግል ደግሞ መቆንጠጡን ይለቃል፤ በላላ ቁጥር ይብስ ይግላል። ከዚያ ከክፍል ክፍል እየዞርን አንድ በአንድ ፈታን። ተሳበ፣ ተሳበ፣ ተሳበ። በእናቴ አልጋ ራስጌ፣ ስልክ ብቻ የምትሰካበት ላይ ስንደርስ ዝም አለ። አንዱ የናስ ሶኬት፣ ሱቁ ውስጥ የተፈታልኝ ናሙና፣ እሱ ነበር። 13ቱ ብረት ናቸው። 8,450 ብር የሶኬት፣ 2,600 ብር ለከንቱ የከፈልኩት የእጅ፣ በድምሩ 11,050 ብር።

ዛሬ ከገዛሁ 9ኛ ቀኔ ነው። የቀለጠውን ይዤ ሄድኩ። ባለሱቁ ከስልኩ ላይ ዓይኑን አላነሣም። «ከእኛ ነው የተገዛው? ደረሰኝ?» አለ። የለኝም አልኩት። ይኼኔ «የኔ እናት» ቀረ፣ «እርስዎ»ም ቀረ። «ምጣድ ሰክተሽ አቃጥለሽ እኔ ጋ ትመጫለሽ?» አለኝ፤ የልጆች እናት የሆንኩትን፣ ሰፈርተኛ ሁሉ የሚያከብረኝን ሴት፣ አንቺ ብሎ። «ወፍጮ ይችላል ያልከኝ አንተ አይደለህም ወይ?» ስለው በአገጩ ግድግዳውን አሳየኝ፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። ካርቶኑን ያመጣው ልጅ ከኋላ ሆኖ ሳቀ። ሌላ ገዢ ገባ። ባለሱቁ ወንበሩን በእጁ ጠረገና «ይቀመጡ የኔ እናት» አላት። እኔ ፊት ለፊቷ ቆሜ!

ሴትየዋን አስጠነቀቅኋት፤ ወጣች። ከዚህ ሱቅ ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው።

አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ማስቀየር ወይም ገንዘብ ማስመለስ እንደሚቻል ይደነግጋል፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አይሽረውም። ስለዚህ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትውጡ። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፣ እያንዳንዱን አስፈትታችሁ ምላሱን ሞክሩ፤ ብሎኑ ቢሳብ ምንም አይደለም፣ ምላሱ ግን መሳብ የለበትም። መዳፉን ካርቶኑ ላይ የሚያሳርፍ ሰው ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። ምጣዱን ደግሞ ኤሌክትሪሺያኑ እንደነገረኝ 3,500 ዋት የሚስብ ከሆነ 16 አምፔር ያህል ስለሚወስድ፣ ደህናውን ሶኬት እንኳን ጥጉ ድረስ ነው የሚያስጨንቀው፤ ከብሬከሩ የራሱን መስመር አስዘርጉለት።

ነገ 13ቱን ይዤ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። ደረሰኝ ባይኖረኝም ገንዘቡን ያስተላለፍኩበት የባንክ መልእክት ስልኬ ላይ አለ። አሁን ከፍቼ ሳየው ግን ተቀባዩ ሱቁ በር ላይ የተጻፈው ድርጅት አይደለም፤ የአንድ ግለሰብ ስም ነው።